የኤልሞ ዓለም፦ ጫማና ሙዝ ለትንሽ ልጅ እንዴት ትምህርት ይሆናሉ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች፣ በተለይ በአሜሪካ የሚኖሩት፣ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፤ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የኤልሞ ዓለም» ምንድን ነው? ራሱን የቻለ ዝግጅት ነው?

አይደለም፤ የትልቅ ዝግጅት አንድ ክፍል ነው። ትልቁ ዝግጅት ከኖቬምበር 1969 ጀምሮ በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የሚታየው «ሰሳሚ ስትሪት» ነው። «የኤልሞ ዓለም» የተጨመረው ዝግጅቱ 30ኛ ዙሩን ሲጀምር፣ በኖቬምበር 1998 ነበር። ያኔ የአንድ ሰዓቱን ዝግጅት የመጨረሻ 15 ደቂቃ ይይዝ ነበር።

ኤልሞ ቀይ ጠጉራም አሻንጉሊት ነው፤ ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል። የሚኖርበት ክፍል በሩም፣ መስኮቱም፣ ግድግዳውም ልጅ በክሬዮን የሞነጫጨረው ይመስላል። በዚያ ሁሉ ሥዕል መካከል ግን ዶሮቲ የምትባል ወርቃማ ዓሣ በመስታወት ገንዳዋ ውስጥ ትዋኛለች፤ እሷ እውነተኛ ዓሣ ናት።

ምን ምን ያስተምራል? ፊደልና ቁጥር ነው?

ፊደልና ቁጥር በዋናነት የሌሎቹ ክፍሎች ሥራ ነው። እዚህ የሚቀርበው ኳስ፣ ጫማ፣ ኮፍያ፣ ሙዝ፣ አበባ፣ ውሻ፣ እጅ፣ ጆሮ፣ መጽሐፍ፣ ልደት፣ ጭፈራ፣ እንቅልፍ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። የጫማ ቀን ከሆነ ክፍሉ በሙሉ የጫማ ነው።

ብዙ ወላጅ «ጫማ ምን ትምህርት አለው?» ይላል። ለእኛ ጫማ ያለቀለት ነገር ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ገና መጀመሩ ነው። ግራና ቀኝ አለው። ማሰሪያ አለው። የአባት ጫማ እንደ ጀልባ ሰፊ ነው፤ የሕፃኑ ጫማ ግን መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ደጃፍ ላይ የእንግዳ ጫማ ካለ ቤት ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። ጫማ ከተደረገ ደግሞ መውጣት አለ። ልጅ መመደብን፣ ማነጻጸርንና ምክንያትን የሚለማመደው በእንዲህ ያለው ነገር ላይ ነው።

አንዱ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይሄዳል?

በ15 ደቂቃዎቹ የቀድሞ ክፍሎች ኤልሞ ዘፈኑን ይዘፍንና ዛሬ ስለ ምን ሲያስብ እንደዋለ ይናገራል፤ ጫማ እንበል። ወዲያው የብዙ ዓይነት ጫማ ተንቀሳቃሽ ምስል በሙዚቃ ታጅቦ ይፈስሳል፦ የሚሮጥ፣ የሚጨፍር፣ ጭቃ የሚረግጥ። ከዚያ ዶሮቲም ስለዚሁ ስታስብ እንደነበረችና ጥያቄ እንዳላት ኤልሞ ይነግረናል። ዓሣዋ አትናገርም፤ ጥያቄዋን የሚሰማላት እሱ ነው። የመስኮቱ መጋረጃ ይነሣል፤ ሚስተር ኑድል የሚባለው ሰውዬ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ደግሞ ይሞክራል። ከእሱ በኋላ እውነተኛ ልጆች ያንኑ ነገር እንዴት እንደሚሠሩት ያሳያሉ።

ቀጥሎ የምወደው ቦታ ይመጣል፦ ኤልሞ አንድ ጨቅላ ሕፃን ይጠይቃል። ሕፃኑ ምንም አይመልስም። ይስቃል፣ የኤልሞን አፍንጫ ይይዛል፣ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ያያል። ኤልሞ ግን እንደ ትልቅ ሰው ያመሰግነዋል። በቤት ውስጥ የሚያየው የሦስት ዓመት ልጅ ከእሱ የሚያንስ፣ ከእሱ ያነሰ የሚያውቅ ሰው አየ ማለት ነው፤ ይህ በቀኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አያጋጥመውም።

ከዚያ ቆጠራ አለ፣ አንድ ልጅ የሚተርከው አጭር ፊልም አለ፣ ተከፈት ቢሉት የሚያስቸግር መሳቢያ አለ፣ ስለ ጫማ ብቻ የሚያወራ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለ። መጨረሻ ላይ ኤልሞ ፒያኖ ላይ ይቀመጥና በታወቀ የፈረንጅ ገና ዜማ «ጫማ፣ ጫማ፣ ጫማ» እያለ ይዘፍናል። የዘፈኑ ግጥም ያቺ አንዲት ቃል ናት። ግጥም ጸሐፊ ይሰደባል ትሉ ይሆናል፤ ልጁ ግን ከዝግጅቱ ሲነሣ ቃሏ አፉ ላይ ናት።

ሁልጊዜ ቅደም ተከተሉ አንድ ዓይነት ነው። ልጄም ያንኑ ክፍል ደጋግሞ ማየት ይፈልጋል። አይሰለቸውም?

እናንተን ይሰለቻችኋል እንጂ እሱን አይሰለቸውም። ትንሽ ልጅ የነገሩን አካሄድ አስቀድሞ ሲያውቅ ጉልበቱን ሁሉ በአዲሱ ነገር ላይ ያውለዋል። ቀጥሎ መጋረጃው እንደሚነሣ ካወቀ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ዛሬ ምን እንዳለ ብቻ ነው የሚያስበው።

ይህን ከማንም በላይ በድፍረት የተጠቀመበት በ1996 የጀመረው «ብሉስ ክሉስ» የተባለ ሌላ የአሜሪካ የልጆች ዝግጅት ነው፤ አንዱን ክፍል በተከታታይ አምስት ቀን ያሳይ ነበር። ዳንኤል አንደርሰንና ባልደረቦቹ ሲያጠኑት ልጆቹ በተደጋገመ ቁጥር ይበልጥ እየገባቸው፣ ይበልጥም እየጮኹ መልስ እየሰጡ ሄዱ። አያቶቻችን አንዱን ተረት ስንት ማታ እንደነገሩን፣ አንዲት ቃል ሲዘልሉ እንዴት እንደተቆጣን ያስታወሰ ሰው ግን ጥናት አያስፈልገውም።

ያ የማይናገረው ሞኝ ሰውዬ ለምን አስፈለገ? ልጆች ትልቅ ሰው ላይ ሲጮኹ ማየት ነውር አይደለም?

በእኛ ቤቶች ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይገርምም። ሚስተር ኑድል አንዲት ቃል አይተነፍስም። የሚጫወተው ቢል ኧርዊን ነው፤ በሰርከስ አስቂኝነትና በድምፅ አልባ ትወና የታወቀ፣ በኒው ዮርኩ የብሮድዌይ መድረክም ቶኒ የተባለውን የቴአትር ሽልማት ያገኘ ተዋናይ። የሚስተር ኑድል ወንድም ሆኖ የተጫወተው ማይክል ጄተርም እንዲሁ ቶኒ ያገኘ ነበር፤ በ2003 ዐረፈ። ለሁለት ዓመት ልጅ ጫማ በተሳሳተ ቦታ የሚያጠልቅ ሰው እንዲሆኑ የተቀጠሩት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሙያውን የናቀ አዘጋጅ ይህን አያደርግም።

ሥራው ይህ ነው፦ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲታረም ይውላል። «እንዲህ አይደለም»፣ «በግራ እግርህ ነው»፣ «ቀስ በል»። በዚህች ሁለት ደቂቃ ግን አራሚው እሱ ነው። ሰውዬው ሲሳሳት የማይታዩ ልጆች «ኧረ እንዲያ አይደለም!» ይላሉ፤ ቤት ያለውም አብሯቸው ይጮኻል። ለማረም ደግሞ ትክክለኛውን ማወቅ፣ በቃልም መናገር ያስፈልጋል። ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ነውርነቱን በተመለከተ፣ ልጆቹ አያዋርዱትም። ይመሩታል፣ ሲሳካለት ደስ ይላቸዋል፣ ኤልሞም ሁልጊዜ አመስግኖ ያሰናብተዋል። እኛም በተረት ትልቁን ጅብ ስታሞኝ የምትኖረውን ጦጣ እየሳቅን አድገናል፤ ማንም ታላቁን መናቅ ከእሷ አልተማረም።

ኤልሞ «እኔ» ማለት ሲገባው ስሙን ይጠራል። ልጄን የተበላሸ ንግግር አያስተምረውም?

ይህ ቅሬታ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆችም ዘንድ የቆየ ነው። ኤልሞ «ኤልሞ ጫማ ይወዳል» የሚለው በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች እንደዚያ ስለሚናገሩ ነው። «እኔ» አስቸጋሪ ቃል ናት፤ ተናጋሪው በተለወጠ ቁጥር ባለቤቷ ይለወጣል። ስም ግን የትም አይሄድም።

ደግሞስ የአማርኛ ተናጋሪ እናት ልጇን «ነይ እማዬ» ትላለች፤ ልጁን «አባዬ» እያለች ትጠራዋለች። እናት ልጇን «እናቴ» ስትል እየሰማ ያደገ ሕዝብ ማን ማን እንደሆነ አልጠፋበትም። ከኤልሞም ጋር አይጠፋበትም።

ለምን 15 ደቂቃ ሆነ? አሁንስ ለምን አጠረ?

«ሰሳሚ ስትሪት» ሲጀመር የታሰበው ትምህርት ቤት ለመግባት ለተቃረቡ ልጆች ነበር። በ1990ዎቹ ግን አዘጋጆቹ የተመልካቾቻቸው ዕድሜ እያነሰ መምጣቱን፣ ሰዓቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብም ትንንሾቹ እየደከሙ መበተናቸውን አዩ። ስለዚህ መጨረሻዋን ለእነሱ ለይተው፣ ዘገም ያለች አንዲት ቤት አድርገው ሠሯት።

የመጀመሪያው ዓይነት እስከ 2009 ተሠራ። ትልቁ ዝግጅት በ2016 ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ፤ በ2017 የተመለሰው «የኤልሞ ዓለም» አምስት ደቂቃ ያህል ነው። በቀድሞዎቹ ክፍሎች በነበረው ኮምፒውተር ቦታ ስማርቲ የምትባል ተናጋሪ ስልክ ገብታለች፣ መጨረሻው ላይም የደስታ ጭፈራ አለ። እኔ አሮጌዎቹን እመርጣለሁ። ባጠረው ውስጥ መጀመሪያ የተቀነሰው ዝምታ ይመስለኛል፤ ዝምታው ደግሞ የልጁ ተራ ነበር።

ልጆች የቱን እንደሚከታተሉ አዘጋጆቹ በምን ያውቃሉ?

በግምት አይደለም። ገና ከመነሻው ኤድዋርድ ፓልመር የተባለ ተመራማሪ ቀላል ዘዴ አበጀ። ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጡታል፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ደግሞ በየሰባት ሰከንድ ተኩሉ ሌላ ሥዕል የሚያሳይ የስላይድ ማሽን ይቆማል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የልጁ ዓይን መቼ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሥዕሉ እንደሸሸ ይመዘግባል። ዓይን የሸሸበት ትዕይንት እንደገና ይሠራል ወይም ይወድቃል።

በጁላይ 1969 በፊላደልፊያ የተደረገው ሙከራ ዝግጅቱን ከውድቀት አዳነው ማለት ይቻላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እውነተኛ ሰውና አሻንጉሊት አንድ ላይ ከታዩ ልጆች ይምታታባቸዋል ብለው ስለመከሩ፣ የመንገዱ ትዕይንቶች በሰዎች ብቻ ተቀርጸው ነበር። ልጆቹ አሻንጉሊቶቹ ሲመጡ ያያሉ፤ ሰዎቹ ሲመጡ ይበተናሉ። ምክሩ ተጣለ፣ ትዕይንቶቹ እንደገና ተቀረጹ፣ ቢግ በርድ የተባለው ግዙፍ ቢጫ ወፍም መንገዱ ላይ ወጣ። አሻንጉሊት፣ እውነተኛ ዓሣ፣ ጨቅላ ሕፃንና የተሣለ በር ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሐፍረት የሚኖሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ይየው? ለስንት ሰዓት?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ያወጣው ምክር ከዘመድ ጋር በምስል ከመነጋገር በቀር ከ18 ወር በታች ማያ ገጽ ባይኖር ይሻላል ይላል። ከ18 እስከ 24 ወር ከትልቅ ሰው ጋር፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ደግሞ በቀን እስከ 1 ሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ይጠብቃል፦ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ምንም፣ ከዚያ እስከ 4 ዓመት ከ1 ሰዓት ያልበለጠ።

በዝግጅቱ ልጆች በእርግጥ ይማራሉ? ወይስ የማስታወቂያ ወሬ ነው?

መልሱ በልጁ ዕድሜ ይለያያል። ሜሊሳ ከርኒና ፊሊፕ ሌቪን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ሥራ፣ በዝግጅቱ የመጀመሪያ ዓመታት የቴሌቪዥን ሥርጭቱ በደንብ ይደርስባቸው በነበሩ አካባቢዎች የነበሩ ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች፣ ኋላ በዕድሜያቸው ልክ ክፍላቸውን ይዘው በመሄድ ይሻሉ እንደነበር አሳይተዋል።

በሌላ በኩል ዲቦራ ላይንባርገርና ዴል ዎከር በ2005 ያወጡት ጥናት ልጆችን ከ6 ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ተከታትሎ፣ «ሰሳሚ ስትሪት» ብዙ ማየት ከዝቅተኛ የንግግር ችሎታ ጋር አብሮ ሲታይ አግኝቷል፤ «ብሉስ ክሉስ»ን የመሳሰሉት ደግሞ ከተሻለ የቃላት ሀብት ጋር። አብሮ መታየት አመጣው ማለት አይደለም፤ ቢሆንም የሚታሰብበት ነው። ትልቁ ዝግጅት ከአንዱ ትዕይንት ወደማይገናኘው ሌላ ትዕይንት የሚዘልል ነበር፤ ለአራት ዓመት ልጅ ምንም አይደለም፤ ለአንድ ዓመት ተኩሉ ግን ይበተንበታል። «የኤልሞ ዓለም» በአንድ ነገር ላይ ተተክሎ የሚቆየው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ከሁለት ዓመት ተኩል በታች ያለ ልጅ ያንኑ ነገር ከማያ ገጽ ይልቅ አጠገቡ ካለ ሰው ቢማር እንደሚቀለው ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል።

ዝግጅቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። አማርኛውን አያጠፋብንም?

አማርኛውን የሚያጠፋው ኤልሞ ሳይሆን ከኤልሞ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ያንኑ ነገር በእጅ ይዞ በአማርኛ መቀጠል ከተቻለ፣ ዝግጅቱ ግማሹን ሥራ ሠርቶላችኋል፤ ልጁ ስለ ጫማ ለማውራት ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል።

ደግሞም አማርኛው ከእንግሊዝኛው የማይገኝ ነገር ይጨምርለታል። እንግሊዝኛ ለጫማውም፣ ለኮፍያውም፣ ለቀበቶውም፣ ለቀለበቱም አንድ ግሥ ይበቃዋል። በእኛ ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይጫሙታል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ቀለበትና ጓንት ያጠልቋቸዋል፣ ባርኔጣ ይደፉታል፣ ጋቢ ይከናነቡታል። በዕለት ንግግር አብዛኛውን «ማድረግ» ብለን እናልፈዋለን፤ በዚያው ልክ ልጆቻችን ግሦቹን ሳይሰሙ ያድጋሉ። የኮፍያ ክፍል ካየ በኋላ የአያቱን ባርኔጣ አውጥታችሁ «ድፋው!» በሉት። አንድ ጊዜ ራሱ ላይ ደፍቶ ዓይኑ ከተሸፈነበት ግሡን አይረሳውም። የጥርስ ቀንም መፋቂያ ካላችሁ ከብሩሹ ጎን አስቀምጡለት፤ መፋቅንና መቦረሽን በእጁ ይለያቸዋል።

ስትጠይቁት ግን ቆዩለት። ኤልሞ ጠይቆ ይጠብቃል፤ እኛ ጠይቀን ወዲያው ራሳችን እንመልሳለን። ውስጡ እስከ አምስት ቆጥሮ ዝም ማለት ለሐበሻ ወላጅ ከባድ ነው፤ ይቻላል።

በአማርኛ ተመሳሳይ ዝግጅት አለ?

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከምሥረታው ጀምሮ፣ ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ለአራት አሥርት ዓመታት የልጆችን ጊዜ የመሩት ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ነበሩ። የእሳቸው መንገድ የተረት ነው፤ ትልቅ ሰው ያወራል፣ ልጅ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ መጨረሻ ላይ ምክር አለ። ከሚስተር ኑድል ጋር ቢያነጻጽሩት ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ሌላውን ግን አያስቀርም።

ለኤልሞ ይበልጥ የሚቀርበው በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። ፀሐይ ጠያቂ የሆነች የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ዝግጅቱን ከባለቤቷ ጋር የፈጠረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ በ2010 የሮሌክስን ሽልማት ካገኙት ወጣቶች አንዷ ሆናለች። ውጭ አገር ለተወለደ ልጅ አማርኛው በተፈጥሮው ሲነገር፣ የሚያውቀው ዓይነት ቤትና ቤተሰብ በማያ ገጹ ላይ ሲታይ መስማቱና ማየቱ ብቻውን ብዙ ነው።

ነገሩ ሁሉ አሻንጉሊት ለመሸጥ አይደለም?

ጥርጣሬው መሠረት አለው። ሲኮረኩሩት የሚስቀው የኤልሞ አሻንጉሊት በ1996 ገና ሰሞን የአሜሪካን ሱቆች አተራምሶ ነበር፤ «የኤልሞ ዓለም» የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አዘጋጁ ድርጅት ለትርፍ የተቋቋመ ባይሆንም፣ ከአሻንጉሊት ፈቃድ የሚያገኘው ገንዘብ ዝግጅቱን ከሚያቆሙት ምሰሶዎች አንዱ ነው። ልጃችሁም ሱቅ ውስጥ ቀዩን ጠጉር አይቶ መጮኹ አይቀርም። በዝግጅቱ ውስጥ የሚታየው ጫማ ግን ማንኛውም ጫማ ነው። ትምህርቱን ለማስቀጠል የሚያስፈልገው ዕቃ ደጃፋችሁ ላይ ተደርድሯል።

ልጄ እንደገባው በምን አውቃለሁ? ቃሉን እንደ በቀቀን እየደገመው ቢሆንስ?

ቃሉን አትጠይቁት፤ ሚስተር ኑድል ሁኑበት። ኮፍያውን ጉልበታችሁ ላይ ድፉ፣ ማንኪያውን ገልብጣችሁ ያዙ። ሳይስቅ ዝም ብሎ ካያችሁ ገና ነው። ከሳቀ ነገሩ የት መሆን እንዳለበት ያውቃል። ተነሥቶ ካስተካከለላችሁ፣ እያስተካከለም ካስረዳችሁ ዘልቆታል። በዝግጅቱ ያላየውን ዕቃ ተጠቅማችሁ ብትሞክሩት ደግሞ ይበልጥ ይታመናል።

ሁልጊዜ በታሰበው መንገድ ይሄዳል ማለት አይደለም። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ሳለች፣ የጫማውን ክፍል አይታ ስትጨርስ አንዱን ጫማዋን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። «እንዲያ አይደለም!» እስክትለኝ ጠበቅሁ፤ በሆዴም እስከ አምስት ቆጠርኩ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጫማውን ከእጄ ነጥቃ ወደ ራሷ ጆሮ አስጠጋችና አዲስ አበባ ካለችው አያቷ ጋር ማውራት ጀመረች።